ያልቀመስኩት የማንጎ ኮብለር

ሰባት ዓመት ሙሉ ጅዳ የሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ፣ «እዚያ ምን ተማርሽ?» የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ምን እማራለሁ? ወለል መወልወሉን ከናቴ ቤትም አውቀው ነበር። ግን እውነቱን ልናገርና አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ኮብለር። ማዳም ከቴሌቪዥን አይታ «ይሄን ሥሪ» ብላ አፈጠጠችብኝ፤ ሦስት ጊዜ አሳርሬ በአራተኛው ያዝኩት። ፍራፍሬው በስኳር ተለውሶ ከታች ይነጠፋል፤ ቅቤ የበዛበት ሊጥ ከላዩ በማንኪያ ጣል ጣል ይደረግና ይጋገራል። ሲወጣ ላዩ ዳቦ፣ ሥሩ ማር ነው። መልኩ ግን አያምርም፤ የተሰነጣጠቀ የጭቃ ግድግዳ ይመስላል።

ለልጄ በስልክ የማወራላት ይሄን ነበር። ሌላ ምን ላውራላት? የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ልጅ ሳለች ነው ጨፋ ሮቢት ለታላቅ እህቴ ሰጥቻት የሄድኩት። አባቷ ገና በሆዴ ሳለች ተለይቶናል። እህቴን አላህ ልጅ አልሰጣትም፤ «አምጪያት፣ በዓይኔ ብሌን ነው የማኖራት» አለች፣ አኖረቻትም። አፏን ከፈታች በኋላ እህቴ ስልኩን ስትሰጣት ዝም ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዝምታ ያስፈራኛል። «ስመጣ የማንጎ ኮብለር እሠራልሻለሁ» እላታለሁ። «እሱ ምንድን ነው?» ትላለች። ያቺን አንዲት ጥያቄ ለመስማት ስል መቶ ጊዜ ሳልነግራት አልቀረሁም።

ባለፈው ዓመት ተመልሼ ስመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር። እህቴ ቤት በር ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ልጄ ከእህቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀችና «እማ፣ ማናት?» አለቻት። እህቴ ቀላች። እኔ ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ እኔን «እትዬ» ትለኛለች፤ የጎረቤት ሴት በሚጠሩበት ስም። «እማ» የሚለው ስም ባለቤት አለው።

ከሚሴ ቤት ተከራይቼ፣ አልጋ ገዝቼ፣ ለሷም ትንሽ አልጋ በሮዝ አንሶላ አንጥፌ ተቀመጥኩ። እህቴ ግን ዛሬ ፈተና አለባት፣ ነገ አሟታል፣ ከነገ ወዲያ ዝናብ ነው ትላለች። አንድ ቀን ምላሴን መያዝ አቃተኝና «አደራ ሰጠሁሽ እንጂ ሸጥኩልሽ እንዴ?» አልኳት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታችን እንኳ «አካም ጅርታ» ተባብሎ መለያየት ሆነ።

በመጨረሻ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎታችን፣ ገባበት። ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ «ልጅ ዕቃ አይደለም፣ ከዚህ አንስተን እዚያ የምናኖረው። በረመዳን አንድ ቀን እኔው ይዣት ከሚሴ እመጣለሁ። እናቷ ቤት ታፍጥር፤ ቤቱንም ትየው። እዚያው ካፈጠረች በኋላ፣ ከዒድ ወዲያ የት መኖር እንደምትፈልግ በአፏ ትንገረኝ። የተናገረችውን ሁለታችሁም ትቀበላላችሁ» አለ። እህቴ መሬት መሬቱን እያየች «ቶሌ» አለች። እኔም እሺ አልኩ። ሰባት ዓመት ለፍቼ በአንዲት ማዕድ ልፈተን ነው ብዬ ስናደድ አደርኩ።

ቀኑ ደረሰ። ከገበያ በደንብ የበሰሉ፣ ቢጫቸው ወደ ቀይ የሄደ ማንጎዎች ገዛሁ። ምድጃ እንደ ማዳም ቤት የለኝም፤ ግን የኛ ሰው ድፎ የሚደፋው እሳት ከላይ እሳት ከታች አድርጎ አይደል? ከሰሉን አቀጣጠልኩ፣ የብረት ድስቱን አጠብኩ፣ ማንጎውን ልጬ በስኳር፣ በሎሚና በቀረፋ ለወስኩት። ቅቤ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ማዳም ቤት ቅቤ የሚመጣው በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። እዚህ ሁለት ሱቅ ጠየቅኩ፣ የለም። ጓዳ ስገባ፣ ከጅዳ የመጣሁ ሰሞን እህቴ የላከችልኝ አንድ ትንሽ ማሰሮ ቅቤ አለ። ከተጣላን ጀምሮ በእልህ ከፍቼው አላውቅም።

ክዳኑን ሳነሳው ሽታው ፊቴን መታኝ። ያ አላህ! ሰባት ዓመት ሙሉ በሕልሜ የማሸተው የናቴ ጓዳ ነው። እንባዬ መጣ። በፆም አንጀት ላይ እንዲህ ያለ ሽታ ሲመጣ ሰው ያስተውላል? አላስተዋልኩም። ሽታው የቤቴ ሽታ ስለሆነ፣ አፍንጫዬ «ኧረ ይሄ እዚህ አይገባም» አላለኝም። ያለውን ሁሉ በጭልፋ ዛቅሁና ከዱቄቱ ጋር አሽቼ ማንጎው ላይ ጣል ጣል አደረግሁት።

ጎረቤቴ የባቲ ሴት ናት፤ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ድስቱ ላይ አፍጥጣ ቆመች።

«ምንድን ነው ይሄ? የፈረሰ ቤት ነው የምትጋግሪ?»

«የውጭ ምግብ ነው፤ አታውቂውም።»

«ሽታውስ ወላሂ ሆድ ያላውሳል። ቀምሰሽዋል?»

«ፆመኛ ነኝ እኮ!»

«አቦ፣ ምላስሽ ጫፍ ላይ አድርገሽ ትትፊዋለሽ። ምግብ የምታበስል ሴት ብታደርገው ችግር የለውም ብለው ሼሁ ራሳቸው ነግረውናል።»

እኔ ግን መቼ ሰው እሰማለሁ! «መካ አጠገብ ሰባት ረመዳን የፆምኩ ሰው ነኝ፤ አንቺ ነሽ ፆም የምታስተምሪኝ?» አልኳት። ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ ወንፊቱን ይዛ ወጣች። ክዳኑን ገጠምኩ፣ ፍሙን ከላዩ ከመርኩ። እጄን ታጠብኩ። ያረብ፣ ዛሬ አታሳፍረኝ ብዬ ዱዓ አደረግሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አጎቴ መኪናውን በር ላይ አቆመ። ልጄ አረንጓዴ ሒጃብ አድርጋ ወረደች። ከንፈሯ ደርቋል። «ዛሬ ሙሉ ቀን ነው የፆመችው፤ እምቢ ብላ» አለ አጎቴ። የመጀመሪያ ሙሉ ፆሟ! እኔ ቤት፣ ከኔ እጅ ልታፈጥር ነው! ደስታዬ እዚያው ሊጥለኝ ምንም አልቀረው። ትንሿን አልጋ አሳየኋት። በጣቷ አንሶላውን ነካ አደረገችና «ቆንጆ ነው፣ እትዬ» አለች፤ አልተቀመጠችበትም።

አዛን ሲል፣ የመጀመሪያው ጉርሻ የኔ እንዲሆን ኮብለሩን በማንኪያ ቆርሼ እጄን ዘረጋሁ። ልጄ ግን ጡጫዋን ፈታች። ውስጡ ሦስት ተምር አለ፤ ከጨፋ ሮቢት ጀምሮ ጨብጣው ላብ አጥምቆታል።

«እማ ናት የሰጠችኝ። በዚህ አፍጥሪ ብላኛለች» አለችና ቢስሚላህ ብላ አንዱን ጎረሰች። አንዱን ለአጎቴ፣ አንዱን ለኔ ሰጠች። የእህቴን ተምር ጎረስኩ። ምን አደርጋለሁ? ማንኪያው በሌላው እጄ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ውሃ ጠጣን፤ ከዚያ ለሁለቱም ሳህን ሳህን ሙሉ አቀረብኩ። አጎቴ አንዴ ጎረሰና ማላመጡን አቆመ።

«ይሄ... ጣፋጭ ነው ወይስ ወጥ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ኮሰረት አለው እኮ ልጄ። ኮረሪማም አለው። ነጭ ሽንኩርትም ሳይኖርበት አይቀርም።»

ክው አልኩ። ንጥር ቅቤ! በኮሰረትና በነጭ ሽንኩርት የተነጠረ የወጥ ቅቤ፣ በስኳርና በማንጎ ላይ! ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይሏል ይሄ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰባት ዓመት የዘመርኩለት ምግብ! ሳህኑን ከልጄ ፊት ላነሳ እጄን ሰደድኩ።

ልጄ ሳህኑን ወደ ደረቷ ሳበችው። ከመጣች ጀምሮ ያላየሁት ነገር ፊቷ ላይ አየሁ፤ ፈገግ ብላለች፤ አፏ ዙሪያ ሁሉ ማንጎ ሆኗል።

«የእማ ቅቤ ነው!» አለች። «የእማ ቅቤ ነው አይደል? እኔ ነኝ ኮሰረቱን የመለመልኩላት! ኮብለር ማለት ይሄ ነው? ለምን አልነገርሽኝም እትዬ!»

እንዴት እንደበላችው ልነግራችሁ አልችልም። ሳህኑን ጨረሰች፤ ጨምሪልኝ አለች፤ ጨመርኩላት። ልጄ እኔ ቤት፣ የኔን እጅ ሥራ እየበላች፣ የምትበላው እህቴን ነበር። ይሄ ገባኝ። መቅናቴን አልክድም። እህቴ በዚያች ደቂቃ ብትመጣ አንቃት ነበር፤ እግሯንም እስም ነበር።

አጎቴ እጁን ታጠበና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ፣ ልጄ፣» አላት፣ «የመጣንበትን ነገር...»

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ ያየችው እሱን አልነበረም፤ እኔን ነው። የፈራች ዓይን አውቃለሁ፤ እኔም አንዳንድ ቀን ማዳምን በዚያ ዓይን ነበር የማያት። ምን ብትመልስ ማን እንደሚቆጣት የምታሰላ ልጅ። የኔ ልጅ፣ እኔን፣ እንዲያ።

«አትጠይቃት» አልኩት።

«እንዴ! አንቺው አይደለሽ ስትጨቀጭቂኝ የከረምሽ?»

«አትጠይቃት አልኩህ! ልጅቱ ትብላበት።» ድምፄ ስለጮኸ ደነገጥኩ። አጎቴ «አላህ ይስጥሽ» ብሎ ለመስገድ ተነሳ።

ልጄ ትከሻዋ ወረደ። «እትዬ፣ የተረፈውን ለእማ ልውሰድላት?» አለችኝ። በሳህን ገልብጬ፣ በፌስታል ቋጥሬ ሰጠኋት። መኪናው ሲነሳ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። ትንሿ አልጋ እንደተነጠፈች ነበረች።

ብቻዬን ስሆን ድስቱ ሥር የተጣበቀውን በማንኪያ ፍቄ ቀመስኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ። ማንጎው ይመጣል፣ ከኋላው ኮሰረቱ ይመጣል። ደግሞ ይጣፍጥ ነበር! ያ ነው ያስለቀሰኝ። መጥፎ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ለእህቴ ደወልኩ። ከአደራው ጠብ ወዲህ ራሴ ደውዬላት አላውቅም። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ ልጄ ናት፣ የወለድኳት እኔ ነኝ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው፣ ሁሉንም። ስታነሳው «ሄሎ» አላለችም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። እሷም ስትፈራኝ ከርማለች ማለት ነው።

«እታለም፣» አልኳት፣ «ቅቤው አልቋል።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

«እሺ፣» አለችኝ፣ «ቅዳሜ ልጅቱ ይዛልሽ ትመጣለች።»

ገና አምስት ቀን አለ። ቢሆንም የዚያኑ ዕለት ገበያ ወጣሁና ማንጎ ገዛሁ፤ እስከ ቅዳሜ የሚበስል እንዲሆን ጥሬ ጥሬውን መርጬ።