በትኩሳት የጠራሁት ስም

ድሬዳዋ ተወልጄ ላደግኩት ለእኔ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ውጭ አገር የሄድኩ ነው የመሰለኝ። ደርግ ወረቀት ሰጠኝ፣ ሄድኩ። እነሱም እንደ ፈረንጅ ነው ያዩኝ። "አገርሽ የት ነው?" ይሉኛል፤ ድሬዳዋ ስላቸው "ምነው፣ እዚያም አማርኛ አለ?" ይላሉ። ቤት ስገባ ሽማግሌው ሳይቀር "ኖር!" ብሎ ብድግ ይልልኛል፤ በኀፍረት እሞታለሁ። ይህን ሁሉ ኋላ ወደድኩት። አንዱን ግን፣ አቦ፣ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስድስተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ አባቷ ማረሻ ቀጥቃጭ ነው። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ቂጣቸውን ሲያወጡ እሷን ካዩ ጀርባቸውን ያዞራሉ፤ ነጠላ ያለው ይጋረዳል። ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ትበላናለች ነው ነገሩ። አባቷ በሠራው ማረሻ የታረሰውን እህል ከእሷ ዓይን ይደብቃሉ! ልጅቱ ደግሞ ከሁሉም የምትበልጥ ተማሪዬ ነበረች። ሚኒስትሪ ካለፈች ጎንደር አክስቷ ዘንድ ሆና ሰባተኛን ትማራለች፤ ፈተናው ካመለጣት ትዳራለች። ይህን አባቷ ራሱ ነግሮኛል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ዳቦዬን ይዤ ሄድኩና፣ ክፍሉ ሁሉ እያየ፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ቆርሼ ሰጠኋት፣ አብረን በላን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሳምንቱ ታመምኩ። ኋላ ጎንደር ያየኝ ሐኪም ተስቦ ነው አለኝ፤ ያን ጊዜ ግን ማን ሐኪም ጠየቀ! አከራዬ፣ እጇ የማይሰስት ደግ ሴት፣ ጎረቤቱን ሰብስባ ሥራሥር አጠነችኝ። በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ሰው ሞልቶ "ማን ነው የበላሽ? ለፍልፊ!" ይሉኛል። እኔ ትኩሳቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኛል። የስም ጥሪ ጀመርኩ። አርባ ሁለት ተማሪ! የቄሱን ልጅ ጠርቻለሁ፣ የአከራዬን የራሷን ልጅ ጠርቻለሁ። እነሱ የሰሙት አንዱን ስም ብቻ ነው።

ድኜ ከጎንደር ስመለስ አከራዬ "እሰይ ልጄ፣ ለቀቀችሽ!" አለችኝ። ማን ናት የለቀቀችኝ? ልጅቱን ተማሪው በድንጋይ አባሯት ትምህርቷን ትታለች። ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ነው የቀረው። ዲሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛውን ደበደብኩት። "እኔ እንኳ አላምንበትም፣ ግን ሕዝቡ..." አለኝ። አያምንበትም! ታዲያ ምን ያንቀጠቅጠዋል? ሰኞ ሰኞ ስለ ጭቁኖች እኩልነት ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸው የቀበሌ ሊቀ መንበርም "ጓዲት፣ ሕዝብ አታስቆጪ" ብሎ ሸኘኝ። ወሬኛ ሁላ!

መንደራቸው ድረስ በእግሬ ወረድኩ። አባቷ ወናፉን አቁሞ ተነሣልኝ።

"አያ፣ በእግዜር፣ ክፍሉን በሙሉ ነው የጠራሁት" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። ቁጣ የሚባል የለበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። "እኔ አልከለከልኳትም። አልሄድም ያለችው እሷ ናት፤ ራሷን ይጠይቋት።"

ልጅቱ ግድግዳው ሥር ቆማ መሬት መሬት ታያለች። እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ፣ እስክትጨርሺ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ አልኳት። እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አሁን በእሷም ተናደድኩ።

"ቀና በይና እዪኝ እንጂ!" ብዬ ጮኽኩባት።

አገጯን ደረቷ ላይ እንደደፋች፣ "ቲቸር፣ እንደገና ቢታመሙሳ?" አለችኝ።