ለአማሌቅ ልጆች

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ነበር የምንኖረው። ያኔ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ በሩን ይዘጋል፤ እኛ ቤት ግን ጨዋታው የሚደራው ገና ያን ጊዜ ነው። አያቴ አባባ ገብሬ የኩራዙን ጭስ በእጃቸው እየመቱ፣ የባሕር ዛፉ ፍም እየተንጣጣ፣ ከመጽሐፍ ያወሩልናል። ማውራት ብቻ መሰላችሁ? ይነሣሉ፣ ይፎክራሉ፣ በመቋሚያቸው ይሰነዝራሉ! እኔማ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም ነበር።

አንድ ምሽት የእናቴ ወንድም ታደሰ ከጫካ መጣ፤ አርበኛ ነበር። አባቴን ጠቁሞ ያሳሰረው ባንዳ ጎረቤታችን ነውና፣ ሌሊቱን ቤቱን ከነቤተሰቡ ሊያቃጥል እንደመጣ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። የባንዳው ልጅ ሽፈራው ደግሞ ጓደኛዬ ነው፤ የጨርቅ ኳስ አብረን ስንለጋ ነው የዋልነው።

«አባባ፣ እስቲ ዛሬ የአማሌቅን ያውሩልን» አለ አጎቴ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ።

አባባ ጀመሩ። ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሡን ሳኦልን ሂድ አማሌቅን ምታ፣ ሴት አትል፣ የሚጠባ ልጅ አትል ብሎ ሲያዘው፣ መቋሚያቸው ተነሣ፤ ጥላው ጣራ ነካ።

«ሰማሽ? የእግዜር ትእዛዝ ነው!» አላት አጎቴ እናቴን።

መቋሚያው ሊወርድ ሲል ብድግ አልኩና «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

ያኔ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ዱላ አንሥቶም ቢሆን፣ ካለበት ንቅንቅ አይልም። አባባም ክንዳቸው እንደተነሣ ቀጥ አሉ። አጎቴ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ጅል! ማንን ነው የምታቆመው? አዛዡ እኮ ራሱ የሕግ አምላክ ነው!»

«ሌሊት ቤታቸው ሲነድ ሽፈራው ይቃጠላል!» አልኩ እያለቀስኩ።

ሳቁ ቆመ። አባባ ቀስ ብለው ክንዳቸውን አወረዱ።

«ታደሰ፣ ይህን ባወራሁ ቁጥር እግዜርን እጠይቃለሁ። ለምን እንዳዘዘ አላውቅም፤ የማውቅ አይምሰልህ። ግን ሄሮድስ ሕፃናቱን ሲያሳርድ ጌታ የት ነበር?»

«እናቱ እቅፍ ውስጥ፣ ስደት ላይ» አለች እናቴ።

«በል ስማ! ሲመጣ ከሰይፈኞቹ ጋር አልመጣም፤ ከሚታረዱት ጋር ሕፃን ሆኖ ነው የመጣው። ያን ቤት ስታቃጥል እሱ በየትኛው ወገን የሚሆን ይመስልሃል? ልጁ በሕግ አምላክ ብሏል። እኔ ቆሜያለሁ፤ አንተስ?»

አጎቴ ጠመንጃውን ከጭኑ ላይ አነሣ። ኋላ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጎ «እሺ፣ ዳኛው» አለኝና ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ጫካው ተመለሰ። ቤቱ ሳይነድ ነጋ። እኔ ደስታው አላስተኛኝም! ገና ጎህ ሲቀድ ሽፈራውን ከበራቸው ላይ ጠራሁት፤ ምን እንዳመለጠው ሳያውቅ ዓይኑን እያሸ ወጣ።

ይኸው አረጀሁ። ብዙ አልተማርኩም፤ የዚያ ትእዛዝ ነገር ዛሬም አልገባኝም፤ ጸሎቴን ግን አላቋረጥኩም። ዓይኔ ስለደከመ መጽሐፉን የልጅ ልጄ ናት የምታነብልኝ። በቀደም እዚያ ምዕራፍ ላይ ስትደርስ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ሰምታኝ ኖሮ ደንግጣ ቀና አለች።

«አባባ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ሕፃናት» አልኳት።