ለዙሌካ ያዋስኩት መቀስ

ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ፣ ከዙሌካ የባልዲና የጀሪካን ሱቅ አጠገብ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሠራለሁ። ደህና ልብስ ሲበላሽ ማየት አልወድም። ዙሌካ ደግሞ ደህና ልብስ የምታበላሸው በእኔው መቀስ ነው።

«በፍቃዱ፣ መቀሱን!» ትለኛለች፤ ሰላምታ እንኳ የለም። ክረምት ሊገባ ሲል አዲስ ጃኬት ገዝታ ትመጣና ፊቴ ቆማ ኮሌታውን ትቆርጣለች፣ ኪሱን ትዘለዝላለች፣ ዚፑን ትነቅላለች። ብርድ ልብስ ከሆነም ዳር ዳሩን አይጥ የበላው ታስመስለዋለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ጨርቁ ምን አደረገሽ?» ስላት፣ «ጨርቁማ ምን ያደርገኛል! የወለድኩት ነው እንጂ!» ብላ ትጮህብኛለች።

የወለደችው ሱልጣን ነው። የበኩር ልጇ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ። አባቱ ከሞተ በኋላ ጫት ቤት መዋል ጀመረ፤ ከጫቱ ወደ ሺሻ፣ ከሺሻው ወደ ክኒን ሄደ። ቴሌቪዥኑን ሸጠ። የእህቱን ስልክ ሸጠ። ሌላ ሲያጣ ከሱቁ ባልዲ አውጥቶ ሸጠ። እናቱ ሁለቴ ሐኪም ቤት አስተኛችው፤ ሁለቴም ጠፍቶ ወጣ። በመጨረሻ «ይሄን ነገር ሳትተው ቤቴ አትገባም» ብላ ቁልፉን ቀየረችበት። እሱም «እሺ» ብሎ መካኒሳ አቦ አካባቢ ካለ ድልድይ ሥር ማደር ጀመረ። እንደዚህ ያለ እሺ ባይ ልጅ ለማንም አይስጥ።

ዙሌካ ታዲያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቅልፍ የላትም። ብርዱ ይገድለዋል ብላ የመጀመሪያውን ጃኬት ደህናውን ሰጠችው፤ በማግስቱ በሸሚዝ አገኘችው። ለክኒን ሸጦታል። ሌላ ሰጠችው፤ ያም የለም። ሦስተኛውም እንደዚያው። መቀሴን መውሰድ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ማንም የማይገዛው ልብስ ከሆነ ገላው ላይ ይቆያል ብላ ነው። እውነትም ቆየ። መቆየቱ ግን ይበልጥ አናደዳት። «አየኸው? ሲሸጥልኝ ነው የኖረው!»

ዘንድሮም አረፋ መጣ። ዘመድ ሁሉ ወደ ስልጤ ሲሄድ ዙሌካ ሱቋን ከፍታ ቀረች። «ሱልጣንስ?» ሲሏት የምትመልሰው ስለሌላት አገሯን ካየች ቆይታለች። ታናሽ ወንድሟ ኢስማኢል ግን ከመሄዱ በፊት ድልድዩ ጋ ወርዶ ለሱልጣን ወፍራም አዲስ ጃኬት ሰጠው። ሳይቀድ። «የበዓል ልብስ እንዴት ተቀዶ ይሰጣል?» አላት በስልክ።

ቱግ አለች። «ለልጄ ክኒን ገዛህለት በለኛ! ይሄኔ ሸጦታል! አንተ እዚያ ሰንጋ አርደህ ትበላለህ፣ እኔ እዚህ ልጄን ከድልድይ ሥር ደርቆ አነሳዋለሁ!» ስልኩን ዘጋችበትና ወደ እኔ ዞራ እኔን ትቆጣ ጀመር። ኢስማኢልን የላክሁት እኔ ይመስል።

በማግስቱ ዝናቡ እየወረደ ሱልጣን መጣ። የአምናው ቅዳጅ ላዩ ላይ አልቆ በስስ ሸሚዝ ቀርቷል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ዙሌካ አየችውና ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ ከብብቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ባንኮኒዋ ላይ አኖረ። ጃኬቱ ነው።

«እማ፣ ቅደጂልኝ» አላት።

«ምን?»

«እንደነዚያኞቹ ቅደጂልኝ። ደህና ልብስ ለብሼ ከተኛሁ ድልድዩ ሥር ያሉት ጉልበተኞች ደብድበው ይወስዱብኛል። ያንቺን ማንም አይነካውም።»

«አንተ እኮ ነህ የሸጥከው!»

«የመጀመሪያውን ሸጥኩ። ሁለቱን ተነጠቅሁ። ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

አታምነውም ነበር። እኔም አላምነውም ነበር። አሁንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አያምነውም፤ ይሄ ልጅ ስንቴ አታሎናል። ግን ሊሸጠው ሲችል ይዞት መጥቷል።

ዙሌካ መቀሴን አነሳች። ስንቱን ጃኬት ሲዘለዝል ያልራራ እጇ ኮሌታው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ተወውና ቤትህ ግባ» አለችው።

መሬት መሬት አየ። «አሁን አልችልም እማ። አልዋሽሽም።»

«ታዲያ ምን ላድርግህ? ምን ላድርግህ አንተ ልጅ!» መቀሱን ወደ እኔ ወረወረችው። «አንተ ቅደድለት!»

እኔ አልቀደድኩም። ቢቀደድ ብርድ ያስገባል። ከአሮጌ መጋረጃና ከማዳበሪያ ጆንያ እራፊ ቆርጬ ደህናው ጨርቅ ላይ እየደራረብኩ፣ ስፌቱን እያጣመምኩ ጣፍኩት። በዚህ ሁሉ ዘመኔ አውቄ ሥራ ሳበላሽ የመጀመሪያዬ ነው። ሱልጣን በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ዙሌካ አናቴ ላይ ቆማ ትነጫነጫለች፤ እንባዋ መኪናዬ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ ግን ልብ አላለችውም።

ስጨርስ ተቀበለችኝና አገላበጠችው።

«በፍቃዱ፣ ጀርባው ያምራል» አለችኝ። «ይነጥቁታል። ፍታና እንደገና ስፋው።»