ኑርሁሴን ያልተቀበለው ካርድ

ኑርሁሴን አብዱልወዱድ ለትእዛዝ የተፈጠረ ሰው አይደለም። የሚያውቁት ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ክርክር እንደታዘዘ ይመሰክራሉ፤ እሱም በ1997 ዓ.ም. ቲቢ በያዘው ጊዜ ነው። ከወሎ መጥቶ በመቐለ ሰሜን፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ከከፈተ ዐሥር ዓመት አልፎት ነበር። ሁለት ወር በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄደ በሲስተር ኣኽበረት ዓይን ፊት ኪኒኑን ዋጠ፤ የቀረውን ስድስት ወር በቤቱ ጨረሰ። አንዲት ቀን አልዘለለም። ሲስተር ኣኽበረት የሕክምና ካርዱን ኪኒን ለሚዘልሉ ሰነፎች ታሳይ ነበር። «ድነሃል፤ ከእንግዲህ እዚህ ክፍል እንዳላይህ» ብላ አሰናበተችው። ከዚያ በኋላ ምን ሊመጣ እንደሚችል የነገረው ማንም የለም። ይህ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

በ2006 ዓ.ም. ሳሉ ተመለሰ። ሦስት ወር ሳለ፤ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳ። ወደዚያው ክፍል ሄደ። ሲስተር ኣኽበረት የደረቱን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንሥታ ተመለከተችና ስሙን በአዲስ ካርድ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ተመልሶብሃል። ስምንት ወር እንደገና፤ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ደግሞ መርፌ አለው።»

«አክታዬስ ምን አለ?»

«ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስቱንም ነጻ ነው።»

«እንግዲያ በምን አወቁት?»

«በፎቶው። ይኸው፣ ዱሮ በታመምክበት ቦታ ጥላ አለ። ኣንታ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት እዚህ ተቀምጬ ይህን ጥላ አላውቀውም?»

«ጥላውንማ ያውቁታል። የጠየቅሁት ምን እንዳጠላው ነው።»

«መርፌ ፈርተህ ነው።»

«ወላሂ፣ ባለፈው ያን ሁሉ ኪኒን ስውጥ አንድ ቀን ተናግሬ አውቃለሁ?»

«አልተናገርክም። የምወድህም ለዚያ ነበር። አሁን ማን እንዳበላሸህ እንጃ።»

ኑርሁሴን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። «ሲስተር፣ ሾፌር የተለጠፈ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ ይዞልኝ ይመጣል፤ አየር አልይዝ ብሎታል። ልጣፉን አይቼ ‘ከዚሁ ነው’ ብል፣ ልጬም ደግሜ ብለጥፈው፣ ዓዲግራት ሳይደርስ ይቆማል። ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ሳላይ ማጣበቂያ አልነካም። ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ልጣፉ አይደለም፤ አጠገቡ ያለው፣ የደረቀው ጎማ ነው።»

«እኔ ጎማ አልነፋም። የማክመው ሰው ነው።»

«እኔም ሰው ነኝና ይንከሩኝ። ወደ ዓይደር ሆስፒታል ይጻፉልኝ።»

«ሕክምና እምቢ ብሏል ብዬ መዝገብ ላይ እጽፍብሃለሁ።»

«ይጻፉ። ከሥሩ ግን አክታው ሦስት ጊዜ ነጻ ነው ብለው ይጨምሩ።»

ካርዱን በአንድ ጣቱ ወደ እሷ መልሶ ገፋው። ሲስተር ኣኽበረት በንዴት ብዕሯ ወረቀቱን እየቀደደው የዓይደሩን ማስተላለፊያ ጻፈች።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። የቲቢ መድኃኒት እምቢ ማለት ሊመሰገን የሚገባው ነገር አይደለም፤ በዚያ እምቢታ ራሳቸውን ቀብረው ልጆቻቸውን ያስከተሉ ሰዎች አሉ። ሚስቱ ረምላም ይህንኑ ነገረችው፦ «ኩራትህን ለብቻህ ሳል። ልጆቼ ምን አደረጉህ?» ልክ ነበረች፤ ኑርሁሴንም ልክ እንደሆነች ያውቅ ነበር። ነገሩ እስኪለይ ድረስ ፍራሹን ወደ ጎማው መጋዘን አወጣ፤ አፉን በሻሽ ሸፍኖ ሠራ፤ ሳህኑን ለየ። የናቀው ሕክምናውን አልነበረም፤ ያለ ማስረጃ የተሰጠውን ፍርድ ነበር። ልዩነቱን የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ስለነበር፣ ሸክሙንም ብቻውን መሸከም ግዴታው ነበር።

ዓይደር ውስጥ ዶክተር ኣሪያም በቀጭን ቱቦ ከሳንባው ቁራጭ ሥጋ ወሰደች። ውጤቱ በዐሥራ አንደኛው ቀን መጣ፤ ካንሰር ነው፤ ከዱሮው ጠባሳ ጎን የበቀለ።

«ታዲያ ቲቢው ነው ካንሰር የሆነው?» አለ።

«አይደለም። ጀርሙ ከሞተ ቆይቷል። ግን ቲቢ ያለፈበት ሳንባ ለረጅም ጊዜ ይቆስላል፤ ጠባሳ ይይዛል። ካንሰር እንዲህ ያለውን ሳንባ ከሌላው አብዝቶ ይይዘዋል። ሁሉንም አይደለም፤ ብዙዎቹን አይነካም። ሲጋራ ታጨሳለህ?»

«በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

«እንግዲያ ሌላ የምከስሰው የለኝም።»

«ያን የስምንት ወር መድኃኒት ብጀምር ኖሮስ?»

ዶክተር ኣሪያም ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሰች። «ያኔ ስለ ቀዶ ሕክምና አናወራም ነበር። አሁን ይቻላል፤ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። የግራ ሳንባህን ግማሽ ያወጡታል። ትድናለህ ብዬ ቃል አልሰጥህም።»

ረምላ ከሆስፒታሉ በር እስከ ሮማናት አደባባይ ድረስ በባጃጅ ውስጥ አለቀሰች። ሮማናት ሲደርሱ ዓይኗን ጠረገችና ጠየቀችው፦

«በግማሽ ሳንባ እንዴት አድርገህ ነው ጎማ የምትነፋው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሃያ ዓመት በአፌ የምነፋ መስሎሽ ነው የኖርሽው? ኮምፕሬሰር አለ እኮ።»

ዘመዶቹ ወደ ወሎ ወስደው ቢሞትም በአገሩ አፈር እንዲሆን መከሩ። የሚሞትበትን ቦታ ለመምረጥ ጊዜ እንደሌለው መለሰላቸው፤ የቀዶ ሕክምናውንም ፈቃድ በራሱ እጅ ፈረመ።

ይህን የምጽፈው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ኑርሁሴን በሕይወት አለ። ደረጃ ሲወጣ ሁለቴ ይቆማል፤ ብርድ ሲገባ ጎኑን ይይዛል። ጀግና የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን እያንዳንዱ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚገባውን ጠየቀ ከማለት አላልፍም።

ሲስተር ኣኽበረት ይቅርታ አልጠየቀችውም። ባለፈው ጥር መድኃኒታቸውን የጨረሱ ሰዎች በሚሰናበቱበት ቀን ኑርሁሴን ወደ ክፍሉ ገብቶ ከኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ልትሰልለኝ ነው የመጣኸው?» አለችው።

«አዎ።»

ከክምሩ አንድ ካርድ አነሣች። ከዚያ ፊት ለፊቷ ወደ ነበረው ሽማግሌ ዞረች። «አባ ገብረመስቀል፣ ድነዋል። ነገር ግን ከዓመትም ሆነ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሁለት ሳምንት ካሳሉ ይመለሱ። አክታዎ ነጻ ሆኖ ሳሉ ካልተወዎ ወደ ዓይደር ላኪኝ ይበሉኝ።»

«እምቢ ካልሽኝስ?» አሉ ሽማግሌው።

«እምቢ ካልኩዎ» አለች፣ ወደ ኋለኛው ወንበር ሳትመለከት፣ «ከዚህ ክፍል አይውጡ።»