ወይዘሮ ቬልማ በምክር ቤቱ ደጃፍ

ብሬነርስ ፎርድ በአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ተዞራ የምታልቅ ከተማ ናት። ወንዙ ለሁለት ይከፍላታል፤ አሮጌው የብረት ድልድይ መልሶ ያገናኛታል። የሚያስተዳድሯት ሰባት የምክር ቤት አባላት ናቸው። ከንቲባው ፖሊሱን ከማዘዝና ድምፅ እኩል ሲሆን ከመለየት በቀር ብዙ ሥራ የለውም። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ።

ወይዘሮ ቬልማ ሃቭሊክ ምክር ቤት የገቡት ሳይወዳደሩ ነው። ለወንዙ ማዶ ወንበር የሚቀርብ ሰው ጠፍቶ፣ አሥራ አንድ ሰዎች ስማቸውን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ በእጅ ጻፉላቸው። «አሥራ አንዱም ቁርሳቸውን እኔ ዘንድ የሚበሉ ናቸው፤ እንቁላሉን እንዳላሳርርባቸው ፈርተው ነው» ይሉ ነበር። ባላቸው ጆ በብረት ማቅለጫው አደጋ ከሞቱ ወዲህ፣ ማዶ ድልድዩ አፍ ላይ ባለች ምሳ ቤት ሁለት ልጆች አሳድገዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአንድም ስብሰባ አልቀሩም።

ያን ሳምንት ዝናቡ አላባራም። የድልድይ መርማሪው ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ የመካከለኛው ምሰሶ ሥር በውሃ ተበልቷል ይላል። ሦስት አባላት ድልድዩ ዛሬውኑ ይዘጋ አሉ። ሌሎቹ ሦስት የማዶው ንግድ ይሞታል ብለው ስብሰባ አንገባም አሉ። በደንባችን አራት ሰው ካልተገኘ ስብሰባ የለም፤ ቀጣዩም ከወር በኋላ ነው። አራተኛዋ ወይዘሮ ቬልማ ነበሩ። ገብተው «አይዘጋ» ቢሉ እንኳ ሦስት ለአንድ ይሸነፋሉ። ምሳ ቤታቸውን የሚያድናት ደጅ መቅረታቸው ብቻ ነበር።

ስብሰባው ለሚጀመርበት ለምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ድምፅ ሰምቼ በሩን ከፈትኩ። ወይዘሮ ቬልማ ከጣራው ሥር ቆመዋል። ፀጉር አስተካካዩ ጉስ፣ የባላቸው ታናሽ ወንድም፣ ስብሰባ አንገባም ካሉት ከሦስቱ አንዱ፣ ክንዱን ዘርግቶ መንገዱን ዘግቶባቸዋል።

«ቬልማ፣ ይቺን ደፍ ከረገጥሽ ምሳ ቤትሽን በገዛ እጅሽ ነው የምትዘጊው።»

«አውቃለሁ። ደንቡን ያነበብከው አንተ ብቻ መሰለህ?»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቤትሽ አትቀመጪም ነበር!»

«መቀመጥ አቃተኝ።»

«የመርማሪ ወሬ ሰምተሽ! ያ ድልድይ አባቴ ሳይወለድ የቆመ ነው። እኔንም ቀብሮ ይቆማል።»

«አንተን ለመቅበርማ ብዙ ዕድሜ አይፈልግም፤ የምታጨሰው አይበቃም?»

ከውስጥ ሰብሳቢው ሌላንድ ክሬስጊ ጮኸ፤ «አምስት ደቂቃ! ከዚያ በኋላ ወደየቤታችን ነን!»

«አንተ ዝም በል፣ ሌላንድ! ሱቅህ ማዶ ቢሆን ይሄን ጊዜ አልጋህ ሥር ተደብቀህ ነበር» አለው ጉስ።

ያኔ የወይዘሮ ቬልማን ጫማ አየሁ። ውሃ ያቁራል፤ የቀሚሳቸው ጫፍ ጭቃ ነው።

«መኪናዎ የት አለ?» አልኳቸው። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ ተበላሽቶ ከሆነ ላደርሳቸው ነው።

«ማዶ ነው።»

«በዚህ ዝናብ በእግርዎ ተሻገሩ?»

ጉስ ዞር ብሎ አያቸው።

«ተበላሸብሽ አይደል?»

«አልተበላሸም።» ጫማቸውን ቁልቁል አዩ። «ድልድዩ አፍ ድረስ ነዳሁት። እግሬ በራሱ ፍሬን ያዘ። ሁለቴ ሞከርኩ። ከዚያ አቁሜው ብረቱን ጨብጬ ተሻገርኩ፤ ከሥሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ነፋሱ ነዋ!»

«ይሁን፣ ነፋስ ነው። እኔ ግን ፈራሁ፣ ጉስ። ነገ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሃያ ልጅ ጭኖ ያልፍበታል።»

ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ጉስ ክንዱን አወረደ።

ገብተን ስም ስጠራ ወይዘሮ ቬልማ ቆመው «ይዘጋ» አሉ። አራት ለዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ፖሊሱ ወዲያው ወጥቶ በድልድዩ በሁለቱም አፍ ሰንሰለት ዘረጋ።

ስንወጣ ጉስ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃቸው ነበር። ከከተማው ውጭ፣ ከወንዙ በላይ በኩል ባለው ሌላ ድልድይ ዞሮ ማዶ ለመድረስ አሥራ አራት ማይል ነው።

«ግቢ። ኋላ ጆ በሰማይ ቤት እንዳይጣላኝ» አላቸው።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት።

ምሳ ቤቷ ገናን ሳታይ ተዘጋች። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ግን ወይዘሮ ቬልማን አሥራ አራቱን ማይል ዞረው፣ ከሁላችን ቀድመው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።