አባባ መኪናውን ያቆመባቸው ቦታዎች

ጀላል ከደሴ ሲደውል እስከዳር ኮምቦልቻ ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ በር ላይ ሰርቪስ እየጠበቀች ነበር።

«እስኬ፣ የሰጠሽኝ የጋሼ ፈንታሁን ካሴቶች ሠርተዋል! ፍላሽ ላይ ገልብጬልሻለሁ። ወላሂ ድምፁ ሳይቀር ጥርት ብሏል» አላት።

አባቷን ፈንታሁንን ካጣች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ፊቱን አስባ ማምጣት ካቃታት ቆይቷል፤ የሚመጣላት ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ብቻ ነው።

ፈንታሁን ደሴ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው። ሠርግና ክርስትና ይቀርጻል፤ ጀላልንም ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው። ሥራ የሌለ እሑድ ግን ካሜራውን ለቤተሰቡ ያወጣዋል። ሚስቱን ወለተ ማርያምን ከፊት፣ እስከዳርንና ታናሽ ወንድሟን አግማስን ከኋላ አድርጎ አሮጌ ፔጆውን ያስነሳና አንዳንዴ ወደ ቢስቲማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ወደ ኮምቦልቻና ባቲ ይነዳል። መንገድ ላይ መቆም ይወዳል። ሲቆም ካሜራውን ለእስከዳር ይሰጥና «በይ ቅረጪኝ፤ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ» ይላታል። ለልጆቹ ከጉዞው ሁሉ የሚጥማቸው ያ ነበር።

አርባ ዓመት ሳይሞላው፣ ገራዶ ላይ ሠርግ እየቀረጸ ሳለ፣ ካሜራውን እንደያዘ ወደቀ። ሠርገኛው ለቀስተኛ ሆኖ ተመለሰ። ጎረቤቱ «ምች ነው» አለ፤ በዚያው ጸና።

ቅዳሜ ከሰዓት እስከዳር ደሴ ወጥታ ፍላሹን ከጀላል ተቀበለችና እናቷ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ወለተ ማርያም ባላቸው ብቅ ሲል መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው «አንተ ሰውዬ…» አሉ።

ፈንታሁን ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ቆሟል። በቀኝ እጁ ግራ ጎኑን ደገፍ አድርጎ መኪናው ላይ ተደግፏል። «ይቀዝቅዝ ትንሽ» ይላል ወደ ካሜራው። ትንሹ አግማስ ብርቱካን ይበላል። በሁለተኛው ፊልም ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫ ቆሟል። እጁ እዚያው ጎኑ ላይ ነው፤ ቃሉም ያው ነው፦ «መኪናው ይቀዝቅዝ»።

አግማስ ከሥራ ወደ ቤት የገባው ይሄኔ ነው። ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነውና ቁልፉን እንደያዘ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ራሱን በቁምጣ ሲያይ ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እስቲ መልሺው። ይሄ ሜዳ ነው እኮ» አለ። «ጥላው ረጅም ነው፣ ገና ጠዋት ነው። ምን ግሎ ነው የሚቀዘቅዘው? ኮፈኑን እንኳ አልከፈተውም።»

ሦስቱም ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጡ። ፈንታሁን አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው። ግንባሩ ላብ ጠምቆታል።

«ደክሞት ነው» አሉ ወለተ ማርያም ቀስ ብለው። «ልጄን፣ ደክሞት ኖሯል። ለእኔ አንድ ቀን ደከመኝ ብሎኝ አያውቅም።»

እስከዳር ወደ ወንድሟ ዞረች። አግማስ ሳያስበው በቀኝ እጁ ግራ ጎኑን ይዟል። ዓይኗን ሲያይ እጁን አወረደ። ከእሱ ጋር በዚያው መስመር የሚነዳው ጀሚል በቀደም «ወንድምሽ ጎማ ማየት አብዝቷል፤ ሐረጎን ሳይቆም አይወጣም» ብሎ የቀለደው ትዝ አላት።

«ያምሃል?» አለችው።

«ምን ያመኛል? እንቅልፍ አጥቼ ነው» ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ እስከዳር ሰላም አጣች። ሥራ ላይ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ደህና ነው ብላ አሳለፈች። ከሐረጎ በኩል የመኪና ጥሩምባ በረዘመ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። አግማስን ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው ነገ፣ ብትለምነው ከበዓል በኋላ ይላል። በመጨረሻ አንድ እሑድ ሳትነግረው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሄደችና ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች።

ዳገቱን ከተያያዙት በኋላ አግማስ ጥግ ይዞ ቆመ። «ጎማ ልይ» ብሎ ወረደ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። እስከዳር ተከትላው ወረደች። ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሏል፤ ዓይኑ ግን ተጨፍኗል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«አግማስ፣ ጎማውን ተወው።»

ደነገጠ። «እቴ፣ ሰው አለ፣ አትጩኺ።»

«ሰው ስላለ ነው የምልህ። ይህ ሁሉ ነፍስ አደራህ አይደለም?»

ከታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮዎች በፀሐይ ያበራሉ። «ፈርቼ ነው» አለ። «ሐኪም ካልነገረኝ የሌለብኝ ይመስለኝ ነበር። ፊልሙን ካየሁ ወዲህ ግን በየመታጠፊያው አባባን ነው የማየው።»

አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ያዘች። ጀሚልን በስልክ ጠሩት፤ ከኋላ በሚመጣ መኪና ደርሶ መሪውን ተረከበ። እነሱ ከተሳፋሪው ጋር ተቀምጠው ደሴ ገቡ።

የልብ ሐኪሟ በመሣሪያ አይታ የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ መወፈሩን ነገረቻቸው። እስከዳር አባቷ እንዴት እንደሞተ ስትነግራት ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ያላየሁትን እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም» አለች፤ «ግን ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል። አንቺም ልጅሽም መታየት አለባችሁ። እሱ ደግሞ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውሰድ፤ ከእንግዲህ ሰው ጭኖ አይንዳ።»

የእስከዳር ልብ ደህና ሆኖ ተገኘ። የልጇ የኩኩም ለጊዜው ደህና ነው፤ «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ግን እናቲቱን አልለቀቀቻትም። ልጅ ስለሆነች በየዓመቱ መታየት አለባት። ኩኩ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ ስታለከልክ እስከዳር ትንፋሿ እስኪበርድላት ድረስ ደረቷን ታያለች። «እማዬ፣ ምን ታይኛለሽ?» ትላታለች ልጅቱ።

አግማስ አሁን ደሴ መናኸሪያ ስምሪት ላይ ይሠራል። የሌላውን ሰው መኪና ተራ ሲያስይዝ መዋል መጀመሪያ አንገብግቦት ነበር፤ እየለመደው ነው። እስከዳር በምሳ ሰዓት ትደውልለታለች። «አለሁ፣ እቴ፣ አለሁ» ይልና ሰው እየጠራው ይዘጋዋል። አንዳንድ ቀን ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሳም። ያን ጊዜ ምሳዋን ትታ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ትንጎራደዳለች፤ እንደገና ትደውላለች።