አዲስ ወይስ ተመላላሽ?

በዚያ ጤና ጣቢያ ውስጥ የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ የደመወዝ ክፍሉ ጸሐፊ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከትልቁ ዶክተር እስከ ዘበኛው፣ «እትዬ ካርድ» ነው የሚላት። የካርድ ክፍሉ የሷ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በብረት ፍርግርግ በታጠረች ጠባብ መስኮት በኩል፣ ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ስትጠይቅ ኖራለች፤ «አዲስ ወይስ ተመላላሽ?» አዲስ ከሆነ ካርድ ታወጣለታለች። ተመላላሽ ከሆነ ቁጥሩን ተቀብላ ጣሪያ ሊነኩ ምንም ያልቀራቸው መደርደሪያዎች መሀል ትገባና ካርዱን ይዛ ትወጣለች። ቁጥሩን የረሳ ሰው እንኳ የታመመበትን ዓመትና የታመመውን ቦታ ከነገራት አታጣውም።

ያለ ካርድ ግን በሷ በኩል ያለፈ የለም። አንድ ጊዜ የትልቁ ዶክተር አማት ወረፋውን ጥሰው ቀጥታ ልግባ ቢሉ፣ «እማማ፣ ካርድ የሌለው ሰው እዚህ ቤት አልታመመም ማለት ነው» ብላ ወደ ሰልፉ መልሳቸዋለች። ሴትየዋ እስከ ዛሬ አኩርፈዋታል።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ ካርድ የታመመችው ይህችው ሴት ናት።

ሲጀምራት ቁርጠት ነበር፤ ከእምብርት በታች፣ በቀኝ በኩል። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ቀጥሎ ተቅማጥ መጣ፤ እንደ ሌላው ተቅማጥ በሦስት ቀን የሚሄድ ግን አልሆነም። አንድ ጠዋት ትልቁን ዶክተር ኮሪደር ላይ አገኘችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ትልቁ ዶክተር ደግ ሰው ነው። ደግነቱን ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። «አንቺማ የቤት ሰው ነሽ፣ ምን ካርድ ያስፈልግሻል» አላትና ከጋውኑ ኪስ ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎ የአሜባ ክኒን ጻፈላት።

የቤቱ ወግ እንዲህ ነው። ሠራተኛ ሲታመም የሚታከመው ኮሪደር ላይ ነው። ካርድ ማውጣት የባዳ ነው፤ ሠራተኛ ካርድ ላውጣ ቢል «ምን በደልንህ?» ይባላል። እሷም፣ መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ብጣሿን ወረቀት ስትቀበል ደስ ብሏት ነበር። ውጭ ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ሳለ እሷ በቆመችበት መታከሟ እንደ ክብር ተሰማት። ክኒኑን ዋጠች፣ ለአንድ ሳምንት ተሻላት፣ ከዚያ ባሰባት።

አሜባው በሁለተኛው ዓመት ጨጓራ ሆነ። ጨጓራው በአራተኛው ዓመት ጭንቀት ሆነ፤ «ብዙ አታስቢ» ተባለች፣ የምታስበው ነገር ቢኖር ወዴት እንደምትሮጥ ብቻ ሆኖ ሳለ። በስድስተኛው ዓመት ደም ስታይ ደግሞ ኪንታሮት ነው ተባለ፤ ያውም ማንም ሳያያት፣ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሁለት ነርሶች ሰላም እያሉ በመሀላቸው ሲያልፉ። የላቦራቶሪው ሰውዬም ወዳጇ ነው። ያመጣችለትን ናሙና ያለ ማዘዣ ተቀብሎ በማይክሮስኮፑ አየት ያደርግና፣ «ንጹህ ነው እትዬ ካርድ፣ ከኔ ሆድ ይሻላል» ይላታል። ማዘዣ ስላልነበረው ውጤቱን የሚጽፍበት ቦታም አልነበረውም።

የሠራተኛው መጸዳጃ ቤት ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመርፌ ክፍሉ ማዶ ነው። ከወንበሯ እስከ በሩ አርባ አንድ እርምጃ፤ ስትሮጥ ሃያ ስድስት። «አንድ ጊዜ» ብላ መስኮቷን ስትዘጋ ሰልፈኛው ያጉረመርማል። «ሻይዋን ልትጠጣ ሄደች» የሚል አይጠፋም። ሻይ ከተወች ስንት ዓመቷ። ወተት ትታለች፣ ጥራጥሬ ትታለች፣ ቅባት ትታለች፤ በሥራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ምንም ሳትቀምስ መዋልም ለምዳለች። የቀሚሶቿን ወገብ በገዛ እጇ አራት ጊዜ አጥብባለች። ሲያዩዋት «አንጀቴን በላሽው» የሚሏት ብዙ ናቸው፤ የሷን አንጀት የሚበላው ምን እንደሆነ ገብቶ ያየ ግን አልነበረም። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ይባስ ብላ፣ «አሁን ገና ቅርጽ አወጣሽ፣ ምስጢሩን ለእኛም ንገሪን» አለቻት። እትዬ ካርድ አብራት ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን በሩን ዘግታ አለቀሰች።

ባሏ ቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ተጫዋች ሰው። መጀመሪያ ሰሞን፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ስሟን በቀይ ቀለም ጽፌ የይዞታ ማረጋገጫ እሰጥሻለሁ እያለ ያስቃት ነበር። በኋላ ቀልዱም አለቀ። ዘመድ ጋ እንሂድ ሲላት እምቢ ነው፣ ረጅም መንገድ ሲላት እምቢ ነው። እናቱ የአምስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ርቀው ይኖሩ ነበር። ሲታመሙ እሱ ሄደ፤ እሷ አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ አይቆምልኝም ብላ ፈርታ ቀረች፤ ሴትየዋም ሳታያቸው ሞቱ። ባሏ ስለዚህ ነገር ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ብሩሾቹን እያጠበ፣ ቀና ሳይል፣ «የሐኪም ቤት ሰው ሆነሽ እንዴት አንድ ሆድ የሚያይ ታጫለሽ?» አላት። ሐኪም መች አጣች።

በዘጠነኛው ዓመት ትኩሳቱ ተጨመረ። ጉልበቷን ይቆረጥማታል፣ አፏ ውስጥ ቁስል ይወጣል፣ ደረጃ ስትወጣ ዓለም ይዞርባታል። ያኔ ቆረጠች። ትልቁን ዶክተር ኮሪደር ላይ አልጠበቀችውም፤ ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋችና በካሜራ አንጀቴን ይዩልኝ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላኩኝ አለችው። እሱም አልተከራከረም። ብቻ ለመላክ ካርድ ያስፈልጋል አለ።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ባዶ ካርድ አወጣች። ስሟን ጻፈች፣ ዕድሜዋን ጻፈች፣ ቁጥር ሰጠችው፣ «አዲስ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ሌላ ምን ታድርግ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ደንቡን ለሃያ ዓመት ያስከበረችውም እሷ ናት። ትልቁ ዶክተር አንዲት መስመር ጻፈበት፤ የሆድ ሕመም፣ ለተጨማሪ ምርመራ ተልካለች። ያችኑ መስመር መላኪያ ወረቀት ላይ ገልብጦ ሰጣት።

ትልቁ ሆስፒታልም መስኮት አለው። ከመስኮቱ ጀርባ በእድሜ የምታክላት፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ተቀምጣለች። ወረቀቱን አነበበች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ለካሜራው ምርመራ ከሰባት ወር በኋላ ቀጠረቻት። ቅድሚያ የሚሰጠው በሕክምና ብዙ ቆይተው ላልተሻላቸው ነው፤ ይህ ግን አዲስ ሕመም ነው። እትዬ ካርድ በፍርግርጉ በኩል አጎንብሳ ዘጠኝ ዓመት እንደሞላት አስረዳች፤ አሜባውን፣ ጨጓራውን፣ ደሙን ሁሉ ቆጠረች። ሴትየዋ አልተቆጣችም።

«ወረቀቱ ላይ የለማ፣ እህቴ» አለቻት።

ድምፁን አወቀችው። የራሷ ድምፅ ነበር። በዚያው ድምፅ ስንቱን እንደመለሰች ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ አሰበች።

በማግሥቱ ትልቁን ዶክተር ያዘችው።

«ዶክተር፣ ዘጠኝ ዓመት እንዳከሙኝ ይጻፉልኝ።»

«ከየት አምጥቼ?» አላት። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ከልቡ ግራ ገብቶት ነው። «ካርድሽ ላይ የሌለውን እንዴት እጽፋለሁ? አንዴ የአሜባ ሰጥቼሻለሁ መሰለኝ። ሌላውን፣ ሳልፍ ሳገድም ያልኩሽን ሁሉ በምን አስታውሰዋለሁ?»

«አንዴ አይደለም። አሥራ ሰባት ጊዜ ነው።»

«ታዲያ ያኔውኑ ካርድ አታወጪም ነበር?»

እሷን ነው እንግዲህ እንዲህ ያላት። ካርድ አታወጪም ነበር ብሎ፣ እሷን። እሺ ብላ ወጣች።

ካርድ ክፍሉ ውስጥ ከጀርባ ሆኖ የተመለሱ ካርዶችን የሚደረድር፣ ጡረታው የደረሰ፣ «ረጅሙ» የሚባል ሰው አለ። ነገሩን ሲሰማ ተነስቶ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ እሽግ አወረደ፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተረፉ፣ ጠርዛቸው የወየበ ባዶ ካርዶች። «ብዕሩም ማኅተሙም በእጃችን ነው» አላት። «ጻፊው፣ ቀኑን ወደ ኋላ አድርጊው፣ ማን ያውቃል? ደግሞ እውነት ነው እኮ እትዬ፣ ውሸት አልጻፍሽ።» አንዱን ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ መስኮቱን እሱ ያዘላት። ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሰዋለች፣ የዶክተሩን የእጅ ጽሑፍ ከነመጠምዘዙ ታውቀዋለች። ብዕሩን ካርዱ ላይ አሳረፈች፣ አንዲት ነጥብ ጣለች፣ ከዚያ አነሳችው። በዚያ ክፍል ውስጥ በሷ እጅ ሐሰት ቀን የተጻፈበት አንድም ካርድ የለም። ካርዱን ቀዳ ጣለችው። አንዳንድ ሰው ይህን ታማኝነት ይለው ይሆናል፤ እሷ ዛሬ በሌላ ስም ትጠራዋለች፣ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ሰባቱ ወር አልሞላም። በአራተኛው ወር፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከሦስተኛው ረድፍ የአንዲት ነፍሰ ጡር ካርድ ስታወርድ ወደቀች። ረጅሙ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣት፤ የአንድ ልጅ ያህል አትከብድም ነበር ብሎ እስከ ዛሬ ያወራል። በአምቡላንስ ትልቁ ሆስፒታል አደረሷት። በድንገተኛ በር ሲገቡ ካርድ የጠየቃት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የቀዶ ሕክምናዋ ሐኪም መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ወጣት ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። አንጀቷ በቁስል ጠቦ ጠቦ መዘጋቱን፣ ከዚያም መበሳቱን፣ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ቆርጠው ማውጣታቸውን በቀስታ አስረዳቻት። ሆዷ ላይ የተለጠፈው፣ ሰገራዋን የሚቀበለው ከረጢት አብሯት እንደሚቆይ፣ ምናልባትም እንደማይነሳ ነገረቻት። ከዚያ ስሙን ጠራችው፤ ክሮን። የዕድሜ ልክ በሽታ ነው፣ ግን በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይያዛል። ባሏ ስሙ እንዳይጠፋበት ከጆሮው ላይ የሥራ እርሳሱን አውርዶ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ጻፈው። እሷ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ስም አለው፣ አላበደችም፣ አላስመሰለችም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየላትም።

«ይህ የአንድና የሁለት ዓመት ነገር አይደለም» አለች ሐኪሟ። «እስከ ዛሬ የት ነበሩ፣ እናቴ?»

«ጤና ጣቢያ» አለች እትዬ ካርድ።

ሐኪሟ የሕመም ማስታገሻው ያደነዘዛት መስሏት ጥያቄውን ደገመችላት።

«ጤና ጣቢያ ነበርኩ። በየቀኑ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ።»

ወደ ጤና ጣቢያው የተመለሰችው በሦስተኛው ወር ነው፤ ለሥራ አይደለም፣ ለክትትል። በዋናው በር ገባች፣ የካርድ ክፍሉን በር አልፋ ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ትልቁ ዶክተር በኮሪደሩ ሲያልፍ አያትና ደንግጦ ቆመ። ከስቶ ነበር፣ ወይም ለሷ እንደዚያ መሰላት። ምን እዚህ አሰለፈሽ፣ እኔ እያለሁ እያለ እጁን ወደ ጋውኑ ኪስ ሰደደ። እጁን እስከ ኪሱ ተከትላ አየችው።

«ተራዬ ሲደርስ እገባለሁ፣ ዶክተር» አለችው። እጁን ባዶውን ከኪሱ አውጥቶ ሄደ።

ተራዋ ደረሰ። ረጅሙ ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ እንደ ልማዱ፣ «አዲስ ወይስ ተመላላሽ?» አለ። ከዚያ ቀና አለና አያት። ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ በሩ ክፍት ነው እኮ፣ ግቢ እንጂ» አላት። እሷ ፍርግርጉን በሁለት እጇ ያዘች።

«ተመላላሽ» አለች። «ቁጥሬን ታውቀዋለህ።»

መደርደሪያዎቹ መሀል ገባ። ሲመለስ ካርዷን በመስኮቱ ሥር አሳለፈላት፤ አንዲት ቅጠል፣ በላይዋ አንዲት መስመር። ይዛ ወደ አግዳሚው ወንበር ሄደች። ጎኗ የተቀመጡት ባልቴት የራሳቸውን ካርድ እንደ ሕፃን ታቅፈውታል፤ ከመወፈሩ የተነሣ በገመድ ታስሯል። አንገታቸውን ዘለግ አድርገው የሷን አዩና በእዝነት ጭኗን መታ መታ አደረጓት።

«እድለኛ ነሽ ልጄ» አሏት። «ያንቺስ ገና መጀመሩ ነው፣ በጊዜ ደርሰሻል።»

እትዬ ካርድ ከቀሚሷ ሥር ያለውን ከረጢት በመዳፏ ደገፍ አድርጋ፣ እስክትጠራ ድረስ ተቀመጠች።